የድሮ መኪና ኤሲን ከአር 12 ወደ አር 134ኤ መቀየር፦ ለድሬዳዋ ሙቀት የሚበቃ አሠራር

ባለ 60 ላንድክሩዘር፣ የድሮ ፓጄሮ ወይም ማርቸዲስ 123 የያዘ ሰው ኤሲው አልበርድ ሲለው የሚሰማው መልስ ሁሌም አንድ ነው፦ «ጋዙ አልቋል፤ እንሙላው»። ይሞላለታል፣ ሁለት ሳምንት ይበርድለታል፣ ከዚያ እንደገና ይሞቃል። ሲከፋ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ፓምፕ) ይነክሳል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የእነዚህ መኪኖች ኤሲ የተሠራው አር 12 ለሚባለው ጋዝ ነው፤ ዛሬ የሚሞላላቸው ግን አር 134ኤ ነው። ሁለቱ በዘይትም፣ በግፊትም፣ በሚፈልጉት ማድረቂያም ይለያያሉ።

አር 12 የኦዞንን ሽፋን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ምርቱን እንዲቆም አደረገ፤ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች የመጨረሻው ገደብ 2010 ነበር። የመኪና ፋብሪካዎች ደግሞ ከ1992 እስከ 1994 ባሉት ዓመታት ወደ አር 134ኤ ዞረዋል። ስለዚህ መኪናዎ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ ይህ ጽሑፍ የእርስዎ ነው። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንናገር፦ ድሬዳዋ ላይ ጋዝ መቀየሩ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ሙቀቱን ከኮንደንሰሩ (ከራዲያተሩ ፊት ካለው የኤሲ ሙቀት ማስወጫ) ማስወጣት ነው፤ ገንዘብም ጊዜም የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ውስጡ ያለው ምን እንደሆነ ይወቁ

ኮፋኖውን ከፍተው የጋዝ መሙያ አፎቹን ይመልከቱ። የአር 12 አፍ እንደ ቡሎን ጥርስ ያለው ነው። የአር 134ኤ አፍ ግን ከውጭ ለስላሳ ሆኖ ተጭኖ የሚገባ ነው፤ የዝቅተኛ ግፊቱ 13 ሚሊ ሜትር፣ የከፍተኛው 16 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። አዲሱን አፍ ስላዩ ብቻ ግን «ይሄማ ተቀይሯል» ብለው አይለፉት። አፉን ብቻ ቀይሮ፣ ዘይቱንና ድራየሩን (የእርጥበት ማድረቂያውን) ሳይነካ ጋዝ የሞላ ብዙ ነው።

መኪናው ጥላ ውስጥ አድሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ጠዋት ላይ ማኖሜትር (የግፊት መለኪያ) ያስሩ። አየሩ 25 ዲግሪ ከሆነ አር 12ም አር 134ኤም ድሬዳዋ ላይ ከ82 እስከ 84 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳያሉ፤ በዚህ መለየት አይቻልም። መርፌው ወደ 140 ከሄደ ግን ውስጡ የገባው የቤትና የሱቅ ማቀዝቀዣዎች ጋዝ፣ አር 22 ሳይሆን አይቀርም። ይህ በመኪና ውስጥ ቱቦ ያፈነዳል፣ ድራየር ይበላል። የማብሰያ ጋዝ የሚሞሉም አሉ። እውነት ነው ይበርዳል፤ ነገር ግን ኤቫፖሬተሩ (ጋዙ አየሩን የሚያበርድበት ክፍል) ያለው ተሳፋሪው እግር ሥር ነው፣ አንዲት ቀዳዳ ከተገኘች እሳት ነው። የሽታ ጥርጣሬ ካለዎት ሞተር ሳያስነሱ፣ ክብሪት ሳይጭሩ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ያውጡት።

ንጹሕ አር 12 ካለ መቅጃ ማሽን ባለው ጋራዥ ወደ ሲሊንደር ይቀዳ። ወደ አየር መልቀቁ ክፉ ነው፤ ከእሳት ወይም ከሚነድ ሲጋራ ጋር ሲገናኝ ደግሞ መርዛማ ጭስ ይሆናል።

ዘይቱ፦ ብዙው ጥፋት የሚጀምርበት

አር 12 የሚሠራው ከማዕድን ዘይት ጋር ነው። ጋዙ ዘይቱን አሟሙቶ በቱቦው ሁሉ ያዞረውና ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመልሰዋል። አር 134ኤ ይህን ዘይት አያሟሟም። ዘይቱ ኤቫፖሬተር ግርጌ ተኝቶ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩም እየደረቀ ይሠራል። «ጋዝ ካስሞላሁ በኋላ ኮምፕሬሰሩ መጮኽ ጀመረ» የሚባለው ይኸው ነው።

ለ134ኤ ሁለት ዓይነት ዘይት አለ፦ ፓግ እና ኤስተር። አዲስ መኪና ላይ የሚገባው በአብዛኛው ፓግ ነው። ለተቀየረ መኪና ግን ኤስተር እንመክራለን፤ ከተረፈው የድሮ ዘይት ጋር ይስማማል፣ አር 12 ከተወው ክሎሪንም ጋር እንደ ፓግ አይጣላም። ሁለቱም እርጥበት ከአየር ይስባሉ። ቆርቆሮው ተከፍቶ ያደረ ዘይት፣ ያውም በፕላስቲክ ጠርሙስ እየተቀነሰ የሚሸጥ፣ በነጻም ቢሰጥ አይቀበሉ።

ኮምፕሬሰሩን ፈትተው ያውርዱ። በሁለቱ አፎች በኩል እየዘቀዘቁ፣ የፊቱን ክላች በእጅ እያዞሩ፣ ዘይቱን በተመጠነ ዕቃ ያንጠብጥቡ። ቀለሙን ይዩ። ንጹሕና ቢጫ ከሆነ ደግ ነው። ጥቁር ሆኖ የብረት ብናኝ ካለበት ኮምፕሬሰሩ ውስጡ ተበልቷል፤ ያኔ ኮምፕሬሰርና ድራየር መቀየር ግዴታ ነው፣ ኮንደንሰሩም በብናኝ ስለሚሞላ አብሮ ይሄዳል። አዲስ ኮምፕሬሰር ገዝቶ በቆሸሸ ኮንደንሰር ላይ ማሰር ገንዘቡን ደቻቱ ወንዝ ውስጥ እንደ መወርወር ነው።

እጥበት

የሚታጠቡት ኮንደንሰሩ፣ ኤቫፖሬተሩና ቱቦዎቹ ናቸው። ኮምፕሬሰር፣ ድራየርና ኤክስፓንሽን ቫልቭ (ጋዙ ወደ ኤቫፖሬተሩ የሚገባበት ጠባብ ቫልቭ) አይታጠቡም፤ ቫልቩ ተፈትቶ ይወጣል፣ ወንፊቱ ይታያል፣ ከተደፈነ ይቀየራል። ለዚህ ሥራ የተሠራ፣ ቶሎ የሚተን የኤሲ ማጠቢያ ፈሳሽ ይጠቀሙ። ቤንዚንና ናፍጣ ቅባት ትተው ይቀራሉ፣ ጎማም ያበላሻሉ። ፈሳሹን በአንድ በኩል ጨምረው በሌላው በኩል ነጭ ጨርቅ ይያዙ፤ ጨርቁ ላይ ቀለም እስኪጠፋ ይደጋገማል። ከዚያ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በደረቅ ናይትሮጅን ይነፋ። የጎማ ቤት አየር ውኃ አለበት፤ ከተገደዱ ብቻ፣ በውኃ ማጣሪያ በኩል፣ የመጨረሻው ንፍያ ግን በናይትሮጅን ይሁን።

ኦክስጅን በምንም ምክንያት አይግባ። የብየዳ ቤቱ ሲሊንደር ቅርብ ስለሆነ ብቻ በኦክስጅን የሚነፉ አሉ። ግፊት ያለው ኦክስጅን ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ክብሪት አያስፈልገውም።

የሚቀየሩ ዕቃዎች

ድራየሩ ያለ ክርክር ይቀየራል። የድሮው ማድረቂያ ፍሬ ለአር 12 የተዘጋጀ ነው፤ ለ134ኤ የሚሆነው ኤክስኤች 7 ወይም ኤክስኤች 9 ተብሎ የተጻፈበት ነው። አዲሱን ድራየር ከመግጠምዎ በፊት መሰኪያውን አያንሱ፤ ተከፍቶ ግማሽ ቀን ከቆየ እርጥበት ጠጥቶ ይጠግባል።

የተፈታ መጋጠሚያ ሁሉ አዲስ ኦሪንግ ይግባበት። ኤችኤንቢአር የሚባለው ዓይነት ይፈለጋል፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ቀለም ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፣ ሻጩን ይጠይቁ። አሮጌውን ይዘው ሄደው በስፋትም በውፍረትም ያመሳስሉ። ከመግባቱ በፊት በኤስተር ዘይት ይለስልስ፣ ዳዶው በሁለት ቁልፍ ተይዞ ይጥበቅ፤ በአንድ ቁልፍ ከታገሉት የአሉሚኒየሙ ቧንቧ ይጠመዘዛል።

የድሮ የጎማ ቱቦዎች ካልተሰነጠቁና በመጋጠሚያቸው ዘይት ካላላቡ ይቆዩ፤ ውስጣቸው ለዓመታት የጠጣው ዘይት ራሱ ጋዙን ይይዛል። አዲስ የሚገባ ቱቦ ግን ውስጡ የናይለን ሽፋን ያለው ይሁን። በኮምፕሬሰሩ ክላች ፊት ለፊት፣ በኮፋኖው ሥር ክብ የዘይት ጭረት ካዩ የዘንጉ ማኅተም እያፈሰሰ ነው፤ ሳይቀየር ጋዝ መሙላት ትርፉ ድካም ነው።

ከፍተኛ ግፊት ሲመጣ ክላቹን የሚያቋርጥ ማብሪያም ያስፈልጋል። ብዙ የድሮ መኪኖች የላቸውም፤ ድራየሩ ላይ ሙቀት ሲበዛበት የሚቀልጥ መሰኪያ ብቻ አላቸው፣ እሱ ሲቀልጥ ጋዙ በሙሉ ይወጣል። ከ28 እስከ 31 ባር ላይ የሚቋረጥ ማብሪያ በከፍተኛው መስመር ላይ ተገጥሞ ከክላቹ ሽቦ ጋር ተከታታይ ይታሰር።

ኮንደንሰሩና ቬንትሌተሩ

ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እዚያ የተሞላ ኤሲ በደህና ይበርዳል። ያው መኪና በደንገጎ ወርዶ 1,200 ሜትር ላይ ድሬዳዋ ሲገባ፣ በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ያፋጫል። ወደ ጅቡቲ ድንበር፣ ወደ ደወሌ የሚቀጥል ከሆነ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። አር 134ኤ በዝቅተኛ ሙቀት ከአር 12 ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ግን ግፊቱ ይበልጣል። በኮንደንሰሩ ውስጥ 60 ዲግሪ ሲደርስ ልዩነቱ አንድ ባር ተኩል ገደማ ነው። ያንን ተጨማሪ ግፊት የሚያወርደው አየር ብቻ ነው።

ስለዚህ፦ መጀመሪያ ያለውን ያጽዱ። የመልካ ጀብዱ መንገድ አቧራ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መካከል እንደ ምንጣፍ ይተኛል፣ ከፊት ሲታይ ግን ንጹሕ ይመስላል። ሁለቱን አለያይቶ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውኃ ማጠብ ነው። የተኛውን ክንፍ በማበጠሪያ ያቃኑ። በኮንደንሰሩ ዙሪያ ያለውን ክፍተት በስፖንጅ ወይም በጎማ ይድፈኑ፤ ካልተደፈነ መኪናው ሲቆም የሞተሩ ትኩስ አየር ዞሮ ከፊት ይገባል።

ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ይጨምሩ። ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ ከ80 እስከ 120 ዋት ያለው ይበቃል። ባለ 120 ዋቱ 10 አምፒር ስለሚወስድ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 20 አምፒር ፊዩዝ፣ 30 አምፒር ሪሌ ይሁን፤ የሪሌው መቀስቀሻ ከኮምፕሬሰሩ ክላች ሽቦ ይወሰድ፣ ኤሲ በበራ ቁጥር አብሮ እንዲነሳ። ሽቦው ከተገለበጠ ቬንትሌተሩ ወደ ኋላ ይነፋና ከሞተሩ ጋር ይጣላል። ሞተሩን በሚኒሞ አስነስተው፣ ኤሲውን ከፍተው፣ የደብተር ወረቀት ፊት ለፊት ላይ ይልቀቁ። ወረቀቱ ተስቦ ከተጣበቀ ደህና ነው፣ ከወደቀ አየሩ አልበቃም።

አቅም ካለ የድሮውን ጥምዝ ቧንቧ ኮንደንሰር ብዙ ቀጫጭን መስመር ባለው አዲስ ዓይነት መተካት ከሁሉም ይበልጣል። ዕቃውን በመኪና ስም ሳይሆን በልክ ይፈልጉ፤ ቁመቱና ስፋቱ ከገጠመ የቧንቧው አፍ ይሠራለታል።

ቫኪዩም፣ ከዚያ ጋዝ

ሁሉ ከታሰረ በኋላ በናይትሮጅን 10 ባር ሞልተው በየመጋጠሚያው የሳሙና አረፋ ይቀቡ። ግማሽ ሰዓት መርፌው ካልወረደ ናይትሮጅኑን ለቀው ቫኪዩም ፓምፕ (አየርና እርጥበት መጥጦ የሚያወጣ) ያስሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ ይሳሳታል። መጽሐፉ «ወደ 30 ኢንች ሜርኩሪ ይድረስ» ይላል፤ ያ ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። ድሬዳዋ ላይ ፍጹም ቫኪዩም ቢሆን መርፌው የሚያሳየው 26 ኢንች ገደማ ነው፤ ሐረር ላይ 24። ፓምፑ ደክሟል ብለው አይጣሉት፣ ይፈሳል ብለውም ሲፈልጉ አይዋሉ። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ያስኪዱት፣ ቫልቮቹን ይዝጉ፣ ለ30 ደቂቃ ይጠብቁ። መርፌው ከተነሳ ወይ ቀዳዳ አለ ወይ ውኃ። የድሬ ሙቀት ለዚህኛው ሥራ ረዳት ነው፤ መኪናው ፀሐይ ላይ ሲቆም ውስጡ ያለው ውኃ ቶሎ ይተናል።

ዘይቱ ከቫኪዩም በፊት መግባት አለበት። ሁሉም ታጥቦ ከደረቀ የፋብሪካው ሙሉ መጠን ይገባል፤ ለትናንሽ መኪኖች ብዙ ጊዜ ከ120 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ነው፣ ትክክለኛው ኮምፕሬሰሩ ላይ ወይም መመሪያው ላይ አለ። ግማሹን ኮምፕሬሰሩ ውስጥ፣ የቀረውን በድራየሩና በኤቫፖሬተሩ መግቢያ። ከዚያ ቺንጊያው ሳይታሰር ክላቹን አሥር ጊዜ በእጅ ያዙሩ፤ ዘይት ፒስተኑ ላይ ተጠራቅሞ ሳለ ኮምፕሬሰሩ ከተነሳ ቫልቩን ይሰብራል።

የጋዙ መጠን በሚዛን ይለካ፣ በመርፌ አይደለም። በአር 12 ከተጻፈው ክብደት ከ80 እስከ 90 በመቶ ነው፤ ለድሬ ወደ 80 ያዘንብሉ። መለያው 800 ግራም ካለ፣ በ600 ይጀምሩ፣ በ30 በ30 ግራም እየጨመሩ፣ በየጊዜው አምስት ደቂቃ እየጠበቁ፣ እስከ 640 ወይም 680 ይውጡ። የመጀመሪያው ግማሽ ሞተር ጠፍቶ በከፍተኛው አፍ፣ ሲሊንደሩ ተዘቅዝቆ፣ በፈሳሽነት ሊገባ ይችላል። ከዚያ ከፍተኛው ቫልቭ ይዘጋል፣ ሞተር ይነሳል፣ የቀረው በዝቅተኛው አፍ በእንፋሎት ይገባል። ሞተር እየሠራ ከፍተኛውን ቫልቭ መክፈት የኮምፕሬሰሩን ግፊት ወደ ጣሳው መላክ ነው፤ ጣሳው እጅ ላይ ይፈነዳል።

የሚገዛው ጋዝም ይፈተሽ። ጥላ ውስጥ 30 ዲግሪ ላይ ያደረ የ134ኤ ሲሊንደር ድሬዳዋ ላይ 99 ፒኤስአይ አካባቢ ያሳያል፣ 35 ላይ 116። ከዚያ የራቀ ከሆነ ይመልሱት። መርፌው ስለገጠመ ግን ንጹሕ ነው ማለት አይደለም፤ አር 40 የሚባል ሌላ ጋዝ የተቀላቀለበት፣ አስመስሎ የተሞላ ጋዝ በዓለም ገበያ ተይዞ ያውቃል፣ እሱም ከአሉሚኒየም ጋር ሲገናኝ ራሱን የሚያቀጣጥል ነገር ይፈጥራል። ዋጋው በጣም የረከሰ ሲሊንደር ያስጠርጥርዎ።

የድሮ ባለሙያ በድራየሩ መስተዋት አረፋ እስኪጠፋ ይሞላል። ለ134ኤ ይህ ልማድ መኪና ገዳይ ነው። በኤስተር ዘይት የተቀየረ ኤሲ መጠኑ ልክ ሆኖም መስተዋቱ ነጭ ሊል ይችላል፤ እሱን ለማጥራት ሲጨምሩ ትርፍ ጋዝ ኮንደንሰሩን ይሞላና ግፊቱ ይንራል።

ንባቡና የሚያመለክተው

በር ተከፍቶ፣ የጋቢናው አየር ነፊ በከፍተኛው፣ ሞተሩ በ1,500 ዙር፣ አየሩ ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ዝቅተኛው ከ1.5 እስከ 2.5 ባር፣ ከፍተኛው ከ14 እስከ 16 ባር ይሁን። ከ16 አለፍ ቢል ለድሬ ቀትር አያስደነግጥም፤ 20 ሲደርስ ግን ያቁሙ።

ያኔ አንድ ባልዲ ውኃ ኮንደንሰሩ ላይ ይርጩ። ግፊቱ ወዲያው ከወረደና የኤሲው አየር መውጫ መስኮት ከቀዘቀዘ ጥፋቱ የአየር ነው፦ ቬንትሌተር፣ ቆሻሻ፣ ክፍተት። ካልወረደ ወይ ጋዙ በዝቷል ወይ አየር አብሮ ገብቷል፤ ይቀዳ፣ ቫኪዩም ይደገም፣ በሚዛን ይሞላ። ዝቅተኛው ወደ ቫኪዩም እየወረደ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ተመልሶ እየተስተካከለ የሚሄድ ከሆነ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጫፍ ውኃ በረዶ እየሆነ ነው፤ ድራየሩ እርጥበት ጠግቧል። ዝቅተኛው ከፍ፣ ከፍተኛው ዝቅ ብለው ከተቀራረቡ ኮምፕሬሰሩ ደክሟል፤ ጋዝ መጨመር አይፈውሰውም። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ጋዙ አንሷል፣ የት እንደሄደ ይፈለግ።

መኪናው በከዚራ ሠፈር ዛፎች ጥላ ሥር ቆሞ ሲፈተን ሁሉም ኤሲ ጥሩ ነው። ፈተናው ቀትር ላይ በደንገጎ ዳገት፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ ከአይሱዙ ኋላ እየተከተሉ ነው። ቴርሞሜትር የመሐል መስኮቱ ውስጥ ይሰኩ፤ ውጪው 35 ሆኖ መስኮቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሰጠ ለተቀየረ መኪና ደግ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ለማግኘት ጋዝ አይጨምሩ። የሞተሩም የሙቀት መርፌ ይታይ፦ ኤሲ ሲከፈት ከተነሳ ራዲያተሩም ሥራ አለበት።

በአዲሶቹ መኪኖች የሚገባው አር 1234ዋይኤፍ ለእነዚህ አይሆንም። በመጠኑ ተቀጣጣይ ነው፣ ዋጋውም ከመኪናው ጋር አይመጣጠንም።

ሲጨርሱ በኮፋኖው ሥር የማይለቅ ወረቀት ይለጥፉ፦ አር 134ኤ፣ ስንት ግራም፣ ኤስተር ዘይት ስንት ሚሊ ሊትር፣ ቀኑ። የድሮዎቹን አፎች በመቀየሪያ አፍ ይሸፍኑ፣ ቀጣዩ ሰው የተሳሳተ ጋዝ እንዳይሰካ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጋጠሚያዎቹ እንደገና በሳሙና ይታዩ፤ አዲስ ኦሪንግ ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት ይረጋል፣ አንዳንዱ ዳዶ ሩብ ዙር ይጠይቃል። በጥቅምትና በኅዳር ማታ ማታ ሲበርድ ኤሲ የሚረሳ ብዙ ነው። በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ይክፈቱት፤ ዘይት ያልደረሰው የዘንግ ማኅተም ደርቆ ጋዙን ሙቀቱ ከመመለሱ በፊት ይጨርሰዋል።